ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር የሄደ አሜሪካዊ

ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ አገር ለትምህርት የሚሄድ ወጣት፥ ቋንቋው አንድ ስለ ሆነ የሚያስቸግረኝ ነገር የለም ብሎ ያስባል። በደረሰበት ቀን ግን አሳቡ ልክ እንዳልሆነ ያውቃል። መንገድ ሊሻገር ሲል እንደ አገሩ ልማድ አስቀድሞ ወደ ግራ ይመለከታል፤ አውቶሞቢሉ ግን ከቀኝ በኩል ይመጣበታል፤ በእንግሊዝ አገር ተሽከርካሪ ሁሉ የሚሄደው በግራ ነውና። ስለዚህ በሎንዶን ከተማ በብዙ መሻገሪያ፥ እንግዳ ሰው እንዳይሞት፥ «ወደ ቀኝ ተመልከት» የሚል ቃል በመንገዱ ላይ በቀለም ተጽፏል። ሱቅ ገብቶ «ቺፕስ ስጡኝ» ቢል እርሱ ያሰበው ስሱን ደረቅ የድንች ጥብስ ነው፤ የሚሰጡት ግን ትኩስና ወፍራም የድንች ጥብስ ነው። «ክፍልህ በአንደኛው ደርብ ነው» ቢሉት በምድር ቤቱ ሲፈልግ ይውላል፤ አሜሪካኖች አንደኛ የሚሉት ምድር ቤቱን ሲሆን፥ እንግሊዞች ግን አንደኛ የሚሉት ከምድር ቤቱ በላይ ያለውን ነው።

ትምህርቱም እንዲሁ ልዩ ነው። በአገሩ ሳለ ከብዙ ተማሪዎች ጋራ ተቀምጦ መምህሩ ሲናገር መስማትን፥ በየጊዜውም ትንንሽ ፈተና መፈተንን ለምዷል። በኦክስፎርድ ግን ብቻውን፥ ወይም ከአንድ ሁለት ጓደኞች ጋራ ሆኖ፥ በየሳምንቱ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል። በተሰጠው ጥያቄ ላይ ሳምንቱን ሁሉ መጻሕፍት ሲመረምር ሰንብቶ አሳቡን ጽፎ ያመጣል፤ መምህሩም «ይህን ከወዴት አገኘኸው? ስለ ምንስ አመንኸው?» እያለ ይመረምረዋል። ከኋላ ወንበር ተደብቆ መቀመጥ በዚያ የለም። ቦድሊያን በሚባለው፥ በ1602 ዓመት በተከፈተው በታላቁ ቤተ መጻሕፍት ሊያነብ ሲገባም፥ በቤቱ ውስጥ እሳት እንዳያገባና እንዳያነድ አስቀድሞ ቃል ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በኦክስፎርድ የትምህርቱ ዓመት በሦስት ይከፈላል፥ እያንዳንዱም ክፍል ስምንት ሳምንት ብቻ ነው፤ በመካከሉ ብዙ ዕረፍት አለ። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ተማሪው በዕረፍቱ ጊዜ ምን ሊያደርግ ይገባዋል?

አንዳንድ ሰዎች፥ አባትና እናቱ ገንዘባቸውን የከፈሉት ለመጽሐፍ ነው እንጂ ለሽርሽር አይደለምና ከክፍሉ አይውጣ ይላሉ። ይህ ምክር መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። መጽሐፉንማ ወደ አገሩ ማስመጣት ይቻለው ነበር፤ የእንግሊዝን ከተማ ግን ማስመጣት አይቻልም። ሌሎች ደግሞ፥ በተቻለው መጠን ብዙ ቦታ ይይ ይላሉ። ብዙ ተማሪዎች የሚከተሉት ይህን ነው። ከ1066 ዓመት ጀምሮ ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑበትን የዌስትሚንስተርን ቤተ ክርስቲያን፥ የሎንዶንን ግንብ፥ የንጉሡን ቤተ መንግሥት፥ ታላቁንም ሰዓት በሁለት ቀን አይተው ይጨርሳሉ። በግሪኒች፥ ምሥራቅና ምዕራብ በሚለዩበት መስመር ላይ፥ አንድ እግራቸውን ወዲህ፥ አንድ እግራቸውን ወዲያ አድርገው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ይህ ክፉ ነገር አይደለም፤ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሲመለሱ «ምን አያችሁ?» ቢሏቸው የቦታ ስም ይቈጥራሉ፤ ገበያ ውሎ የዕቃ ስም ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ እንደ ገባ ሰው ናቸው።

እነዚህ ቦታዎች ለእንግዳ የተሰናዱ ናቸው፤ የሚያየውም እንግሊዞች ሊያሳዩት የወደዱትን ነው። አሜሪካዊው ግን ማንም «ና እይ» ብሎ የማይጠራበት፥ የገዛ አገሩ ታሪክ ከባሕር ማዶ ሆኖ የሚጠብቀው ሌላ ቦታ አለ። ይህን ሳያይ ቢመለስ ብዙ ቀረበት።

ከሎንዶን በባቡር ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ማንችስተር ይደረሳል። ማንችስተር የፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ ሰማይዋ ብዙ ጊዜ ዳመና ነው፥ የንጉሥ ቤተ መንግሥትም የላትም። በከተማዋ መካከል ግን ባንድ አደባባይ የአሜሪካው መሪ የአብርሃም ሊንከን የነሐስ ሐውልት ቆሟል። አሜሪካዊው ተማሪ ይህን ሲያይ «የእኛ ሊንከን በዚህ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይደነቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1861 ዓመት የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ በባርነት ምክንያት ተጣልተው ጦርነት ጀመሩ። በዚያ ዘመን በማንችስተርና በዙሪያዋ ባለው በላንክሻየር አውራጃ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚኖረው፥ በጥጥ ፋብሪካ እየፈተለና እየሸመነ ነበር። ጥጡ አብዛኛው የሚመጣው ከአሜሪካ ደቡብ ክፍል ነው፤ የሚለቅሙትም ባሮች ነበሩ። የሊንከን መርከቦች የደቡቡን ወደብ በዘጉ ጊዜ ጥጡ ቀረ። ፋብሪካዎቹም እየተዘጉ ሄዱ። የፈታዩና የሸማኔው ቤት ሁሉ ተራበ፤ ሰዎች አልጋቸውንና ልብሳቸውን ሳይቀር ሸጡ፤ በመቶ ሺሖች የሚቈጠር ሕዝብም የምጽዋት እንጀራ ጠባቂ ሆነ።

እነዚህ ረኃብተኞች «መንግሥታችን መርከቡን ልኮ ወደቡን ያስከፍትልን» ቢሉ ማን በነቀፋቸው ነበር? እንዲህ እያሉ የሚመክሯቸውም ነበሩ። ዲሴምበር 31 ቀን 1862 ዓመት ግን የማንችስተር ሠራተኞች ባንድ ታላቅ አዳራሽ ተሰብስበው፥ ባርነት እንዲጠፋ እንደሚወዱ የሚገልጽ ደብዳቤ ለሊንከን ጻፉ። በማግሥቱም ባሮችን ነጻ የሚያወጣው የሊንከን ዐዋጅ ጸና። ሊንከን ጃንዋሪ 19 ቀን 1863 መልሱን ጻፈላቸው፤ መከራቸውን እንደሚያውቅና እንደሚያዝን ነገራቸው፥ ትዕግሥታቸውንም ከታላቅ ክርስቲያናዊ ጀግንነት ቈጠረው። በሚቀጥለውም ወር ጆርጅ ግሪስወልድ የምትባል መርከብ ለተራቡት ዱቄት ጭና ከኒውዮርክ ወደ ሊቨርፑል ወደብ ደረሰች።

እውነቱን ለመናገር ሠራተኛው ሁሉ እንዲህ ያሰበ አይደለም። ከደቡቡ ወገን የሆኑ ነበሩ፤ በሊቨርፑልም ብዙ ነጋዴዎች ደቡቡን ይረዱ ነበር። ይህ ግን የእነዚያን ክብር ይጨምርላቸዋል እንጂ አያጐድልባቸውም፤ ጐረቤቱ ሁሉ ወዲያ ሲል ተርቦ ወዲህ ማለት ቀላል አይደለምና።

ሐውልቱም የራሱ ታሪክ አለው። የሠራው ጆርጅ ግሬይ ባርናርድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሊንከንን ያሳየው እንደ ታላቅ ባለ ሥልጣን ሳይሆን እንደ ደከመ ሠራተኛ፥ ትልልቅ እጆቹን ከፊቱ አጣምሮ እንደ ቆመ ነው። አምሳያው ወደ ሎንዶን ተልኮ ከሕዝቡ ምክር ቤት አጠገብ እንዲቆም ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሰዎች፥ የሊንከን ልጅ ሮበርት ሳይቀር፥ መልኩ የተዋረደ ነው ብለው ተቃወሙ። ስለዚህ ከክቡር ወንበር ፊት የቆመ ሌላ ሊንከን በ1920 በሎንዶን ተተከለ፤ የተናቀው ግን በ1919 ወደ ማንችስተር መጣ። ሠራተኛ የሚመስለው ሊንከን ወደ ሠራተኞች ከተማ ገባ፤ ማንም አስቦ ባያደርገው እጅግ ተገባ። በመጀመሪያ ባንድ የአትክልት ቦታ ቆሞ ነበር፤ በ1986 ግን አሁን ወዳለበት አደባባይ ተዛወረ። ከሊንከን ደብዳቤም የተወሰደ ቃል ከእግሩ በታች በድንጋዩ ላይ ተቀርጿል።

ሌሎችም እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። ከካምብሪጅ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ከ3,800 የሚበልጡ አሜሪካኖች የተቀበሩበት ሜዳ አለ። መሬቱን የሰጠው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአጠገቡ ባለው ረዥም ግንብ ላይም ሬሳቸው ያልተገኘ ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች ስም ተጽፏል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በዕድሜ የተማሪው እኩዮች ነበሩ።

በዊንድሶርም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ ሁሉ የነገሥታትን መቃብር እያየ ያልፋል፤ በግድግዳው ላይ ያለችውን የልዑል ዓለማየሁን የናስ ሰሌዳ ግን የሚያስተውላት ጥቂት ነው። ይህ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ7 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ በዚያ ተቀበረ። አሜሪካዊው በፈቃዱ ሄዶ በፈቃዱ የሚመለስ ተማሪ ነው። ያ ልጅ ግን በፈቃዱ አልሄደም፥ ወደ አገሩም አልተመለሰም። ከሰሌዳው ፊት ጥቂት ጊዜ ለሚቆም፥ በሰው አገር መማር ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይበልጥ የሚነግረው የለም።

«ወጣት በዕረፍቱ ጊዜ ደስ ይበለው እንጂ መቃብርና ረኃብ ለምን ያያል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ደስታውን ማንም አይከለክለውም፤ በቴምስ ወንዝ በጀልባ ይሂድ፥ የእግር ኳስም ጨዋታ ይይ። ነገር ግን ከብዙ ቀን አንዱን ቀን ለማንችስተር ይስጥ፤ ያንም ቀን አይቸኵል። በሐውልቱ ዙሪያ ሰዎች ምሳቸውን ይበላሉ፥ እርግቦችም ፍርፋሪ ይለቅማሉ፤ ከሠራተኞቹ የልጅ ልጅ ልጆች አንዱ ከአጠገቡ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤውን ከፊደሉ እስከ ፊደሉ ያንብብ፤ ካልገባው ደግሞ ያንብብ።

ወደ ኦክስፎርድ በተመለሰ ጊዜ ስለ አሜሪካ ጦርነት እንዲጽፍ ይታዘዝ ይሆናል። ከመምህሩ ፊት ቀርቦ፥ ከጦር ሜዳው እጅግ ርቀው ጥይት ሳይተኵሱ ስለ ተዋጉት ሸማኔዎች ያነብባል። መምህሩም እንደ ልማዱ «ይህን ከወዴት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል።