ቦቱ «አላውቅም» ማለት ይማር

መተማ ዮሐንስ፣ ድልድዩ አጠገብ፣ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ዕቃ ሲጠብቁ ዋሉ። ዕቃውን የላክነው እኛ ነን። አልዘገየም፤ በታሰበለት ሰዓት ገላባት ደርሷል። ስህተቱ የመጣው ቴሌግራም ላይ ካቆምነው ቦት ነው፤ ማለትም ከእኛው ነው።

ገዳሪፍ ያለው ልጃችን ማስታወሻው ላይ «ሰኞ 3» ብሎ ጽፏል። በሱዳን አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 3 ማለቱ ነው። ቦቱ ቁጥሩን እንዳለ አነሳና ባማረ አማርኛ «ዕቃዎ ሰኞ በ3 ሰዓት ይደርሳል» አላቸው። መተማ ላይ ደግሞ 3 ሰዓት ሲባል ጠዋት ነው። በዚያ ላይ ሱዳን በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች፣ የገላባት ከሰዓት 3 በመተማ 10 ሰዓት ነው። ድልድዩን ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የእኛ ቦት ሰባት ሰዓት አደረገው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቦቱ ምን ብለን እንጻፍለት የሚለው በመካከላችን ክርክር ሆኗል። ፕሮምፕት የሚሉት እኮ ሌላ ነገር አይደለም፤ ቦቱ ደንበኛ ማናገር ከመጀመሩ በፊት የምንሰጠው የጽሑፍ መመሪያ ነው። አዲስ ልጅ ዱካን ስናስገባ በመጀመሪያው ቀን ቁጭ አድርገን የምንነግረው ዓይነት። ብዙዎቻችን ግን ለልጁ የማንነግረውን ለቦቱ እንጽፍለታለን።

ለምሳሌ ከዩቲዩብ እየተቀዳ የሚመጣው «አንተ የ20 ዓመት ልምድ ያለህ የንግድ ባለሙያ ነህ» የሚለው። እኛም በዚህ ነው የጀመርነው። ቦቱ እውነትም እንደ ባለሙያ መናገር ጀመረ። ችግሩ ባለሙያ አለመሆኑ ነው። አንድ ደንበኛ ዶላር ስንት ገባ ብሎ ሲጠይቀው ሳያመነታ 57 ብር አለው። ብሩ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ያን ዋጋ ማን ያገኘዋል? ቦቱ የሚያውቀው ከመሠራቱ በፊት የተጻፈውን ነው፤ የዛሬን ገበያ አልዋለበትም። «ባለሙያ ነህ» ስንለው የማያውቀውን በልበ ሙሉነት እንዲናገር ፈቀድንለት እንጂ ዕውቀት አልጨመርንለትም።

አሁን የምንሠራበት መንገድ ቀላል ነው፤ አንዳንዶች ይንቁታል። በየጠዋቱ አንድ ገጽ ይጻፋል። ምን ዕቃ አለ፣ ዋጋው በብርና በጊኒ ስንት ነው፣ መኪናው መቼ ይነሣል፣ ዱካኑ መቼ ይዘጋል። ገዳሪፍ ዓርብ ዝግ ነው፣ መተማ እሑድ። ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል፤ ቀኑም እንዲሁ በኢትዮጵያና በፈረንጅ። ቦቱ እንዲያሰላው አንተውለትም። ከዚህ ገጽ ውጭ አንዲት ቃል እንዳይመልስ ይታዘዛል፤ የተጠየቀው ከገጹ ላይ ከሌለ «ይህን ባለሱቁን ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ይላል።

ከዚያ ምሳሌ። ሰው ብዙ የማያስብበት፣ እኛ ግን ከሁሉም በላይ ያተረፍንበት ይህ ነው። እንዲህ ያሉ ቦቶች ጥቂት ምሳሌ ካዩ ሥራውን እንደሚከተሉ ጂፒቲ 3ን የሠሩት ሰዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። የምሳሌው ምርጫ ግን የባለሱቁ ነው። መጀመሪያ እኛ ራሳችን ቁጭ ብለን ያማሩ ጥያቄዎች ፈጠርን፤ «ጤና ይስጥልኝ፣ የቡናው ዋጋ ስንት ነው?» የሚል ዓይነት። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ደንበኛ የለንም። ደንበኞቻችን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉታል፤ መሐሉ ላይ ዓረብኛ ይገባል፤ ግማሹ በድምፅ ነው። ስለዚህ የቆዩትን የዋትሳፕና የቴሌግራም መልእክቶች አገላብጠን፣ ስምና ስልክ አጥፍተን፣ አስቸጋሪዎቹን አሥራ ሁለት መረጥን።

አንዱ ይህ ነው፦ ከገዳሪፍ አንዲት እህት «50 ሚሊዮን አለኝ፣ ቶብ ይደርሰኛል?» ብላ ጻፈች። ሱዳን የኖረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ለውጥ ዜሮ ቢወርድም አፍ ላይ አልወረደም፤ ሚሊዮን ሲባል አንድ ሺህ ጊኒ ነው። ቦቱ ግን 50 ሚሊዮኑን እንዳለ ወስዶ ዱካኑን በሙሉ ሊሸጥላት ነበር። አሁን ይህ መልእክት ከትክክለኛ መልሱ ጋር ከምሳሌዎቹ ውስጥ አለ፤ መልሱም «50 ሺህ ጊኒ ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ ደግሞ መልሳቸው «ባለሱቁን ልጠይቅ» ነው። ይህን ካላሳየነው ሁልጊዜ መመለስ ያለበት ይመስለዋል።

የአነጋገሩም ነገር አለ። አማርኛ ሲናገሩ አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ሳይሉ ማለፍ አይቻልም። ቦቱ የሰባ ዓመት አዛውንት «ገዝተሃል» ሲላቸው፣ ሴቲቱንም «ወንድሜ» ሲላት አይተናል። «በትሕትና መልስ» የሚል መመሪያ ይህን አላስተካከለም፤ እያሽቆጠቆጠ አንተ ማለቱን ቀጠለ። «ለሁሉም እርስዎ በል፣ ጾታ የሚለይ መጠሪያ አትጠቀም» ብለን በግልጽ ስንጽፍና ምሳሌዎቹም እንዲሁ ሲሆኑ ቆመ። ወጣቶቹ ትንሽ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

«ደረጃ በደረጃ አስብ» ስለሚባለው መንገድም የሚሟገቱ አሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. የጉግል ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር ነው፤ ቦቱ ስሌቱን እየዘረዘረ ሲሠራ የሒሳብ ጥያቄ ላይ የተሻለ ይመልሳል። እውነት ነው። የሰሊጥ ቀንጣር ወደ 45 ኪሎ ነው፣ የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ፤ ይህን እየዘረዘረ ሲያሰላ ብዙ ጊዜ ይደርስበታል። ነገር ግን መነሻ ዋጋው የትናንት ከሆነ፣ ዝርዝሩ ያማረ ስለሆነ ደንበኛው የበለጠ ያምነዋል። የሂሳብ ማሽን በእጃችን እያለ ለዚህ ቦት አያስፈልገንም። ጥቅል ትዕዛዝ ሲመጣ ሰው ያስላ።

«ቦቱ የተናገረው እኛን አያስርም» የሚል ነጋዴ ካለ የኤር ካናዳን ነገር ይስማ። የአየር መንገዱ ቦት፣ አያቱ ለሞተችበት ደንበኛ የሐዘንተኛ ቅናሹን ከበረራ በኋላም መጠየቅ እንደሚችል ነገረው፤ የኩባንያው ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። ጉዳዩ ለዳኝነት ሲቀርብ ኩባንያው ቦቱ ለራሱ ሥራ ራሱ ኃላፊ ነው ብሎ ተከራከረ። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ውሳኔ ይህን አልተቀበለም፤ ኩባንያው ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። እኛ ዘንድ ወደ ዳኛ ሳይኬድ በሽማግሌ ያልቃል፤ ሽማግሌ ፊት «ማሽኑ ነው ያለው» ማለት ግን ይበልጥ ያሳፍራል።

አሁን ወደሚያስጨንቀን ነገር። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ጦርነቱ ካርቱም ላይ ከተነሣ ወዲህ፣ ወደ ቦታችን የሚመጣው ጥያቄ የዕቃ ብቻ አይደለም። «መንገዱ ክፍት ነው?» «ከገዳሪፍ ልጆች ይዤ ብነሣ አድራለሁ?» «በዶካ በኩል ይሻላል?» ብለው የሚጽፉ እናቶች አሉ። ሌላ የሚጠይቁት አጥተው ነው፤ ቦቱ ደግሞ ሌሊትም ይመልሳል። አንድ ጊዜ ቦቱ መንገዱን እንደ አገር ጎብኚ መመሪያ ሲተርክ አየን፤ ርቀቱን፣ አውቶቡሱን፣ ቪዛውን። ሁሉም ከጦርነቱ በፊት የነበረ ነው። ሰው አምኖት ቢነሣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

በዚህ ላይ ድርድር የለንም። ስለ መንገድ፣ ስለ ድንበር መከፈት፣ ስለ ሐዋላ መንገድ ሲጠየቅ ቦቱ አይመልስም። መልእክቱን ወዲያው ተረኛ ለሆነው ሰው ስልክ ያሻግራል፤ ለጠያቂዋም ሰው እንደሚደውልላት ይነግራታል። ከእኛ መካከል «በሌሊት ማን ይነሣል? ደንበኛ እናጣለን» ያሉ ነበሩ። ደንበኛ አጥተናልም፤ ቶሎ የሚመልስ ቦት ያለው ጎረቤት ዘንድ የሄዱ አሉ። ተረኛው ራሱ የማያውቅበት ሌሊትም አለ፤ ኔት የሚቆምበትም አለ። እንዲህ ሲሆን ሰውዬው ሾፌሮቹን ጠይቆ ጠዋት ይደውላል፤ ጠያቂዋም እስከዚያ ዕቃዋን አትጭንም።

ቦት ልታቆሙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ለባለሙያ ሳይሆን ለእናታችሁ ወይም ለአክስታችሁ ስጡትና እንደለመዱት ይጻፉለት። እኛ ዘንድ በመጀመሪያዎቹ አሥር ጥያቄዎች ውስጥ ሦስት ስህተት የተገኘው እንዲህ ነው፤ አንዱ የፋሲካን ቀን ነበር።

ድልድዩ አጠገብ የዋሉት እናት አሁንም ከእኛ ይገዛሉ። ለቦቱ ግን አይጽፉም፤ ይደውላሉ። ሰዓት ስንነግራቸውም «በማን ሰዓት?» ይላሉ።