መጽሐፉን ሳያነቡ ስለ መከልከል

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በአሜሪካ አገር ከትምህርት ቤት መጻሕፍትን ስለ ማስወጣት የሚደረገው ክርክር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ገና ስለ ተፋፋመ፣ በመምህርነቴ የሚሰማኝን በጋዜጣዎ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት አይላንድ ትሪስ በተባለ ሥፍራ የትምህርት ቦርድ አባሎች ከአንድ ስብሰባ የመጻሕፍት ዝርዝር ይዘው ተመለሱ። በዝርዝሩም ላይ ከየመጽሐፉ ተቆርጠው የወጡ፣ ነውር የተባሉ ቃላት ነበሩ። ከአባሎቹም አንዳንዶቹ አንድ ቀን ማታ የጽዳት ሠራተኛው በር ከፍቶላቸው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገብተው ካርዶቹን ፈተሹ። (በሌሊት ቤተ መጻሕፍት መግባትስ ለንባብ ቢሆን ኖሮ የሚያስመሰግን ነበር።)

ቦርዱ በ1976 መጽሐፎቹ እንዲነሡ ካዘዘ በኋላ፣ 4 ወላጆችና 4 የትምህርት ቤት ሠራተኞች ያሉበት ኮሚቴ ሰየመ። ኮሚቴውም ከ11 መጽሐፎች 5ቱ እንዲመለሱ፣ 2ቱ እንዲወጡ መከረ፤ በቀሩት ላይ ሐሳቡ የተለያየ ነበር። ቦርዱ ግን አንዱን ብቻ ያለ ገደብ፣ ሌላውን በወላጅ ፈቃድ መልሶ 9ኙን አስወጣ። ከነዚህም ውስጥ ላንግስተን ሂዩዝ ያሰባሰባቸው የጥቁር ደራስያን አጫጭር ታሪኮች ይገኙበታል። ራሱ የሰየመውን ኮሚቴ ምክር ለምን እንዳልተቀበለም ምክንያት አልሰጠም። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ መዝገቡን የመረመረው ክፍል አስተያየቱን ጽፎ ሲያቀርብ፣ ሹሙ መዝገቡን ሳይገልጥ «አይሆንም» ብሎ እንደሚፈርምበት ያለ ነው።

ስቲቨን ፒኮ የተባለ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1982 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለተማሪዎቹ ፈረደ። ዳኛ ብሬናን እንደ ጻፉት፣ ቦርድ ጸያፍ ወይም ለትምህርት የማይበጅ መጽሐፍ ሊያስወጣ ይችላል፤ ሐሳቡን ስለ ጠላ ብቻ ግን አይችልም። ነገር ግን ይህ ሐሳብ የአምስት ዳኞችን ድምፅ ስላላገኘ ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። በ2022 በቴነሲ የማክሚን አውራጃ ቦርድ፣ ናዚዎች አይሁድን ስለ ማረዳቸው የሚተርከውን «ማውስ» የተባለ የሥዕል መጽሐፍ ስለ ጥቂት የስድብ ቃላትና ስለ አንድ ራቁት ሥዕል ብሎ ከ8ኛ ክፍል ትምህርት በ10 ድምፅ አስወጣው። መጽሐፉ ግን ወዲያው ከሁሉ ይልቅ ከሚሸጡት ተራ ገባ።

የወላጅን ሥጋት አልንቅም፤ እኔም ልጆች አሉኝ። በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተቆለፈ የመጽሐፍ ሣጥን ነበር፤ ቁልፉም ከዲሬክተራችን ወገብ አይለይም ነበር። እኒያ ሰው ግን በሣጥኑ ያለውን ሁሉ አንብበውታል፤ ለምን እንደ ቆለፉበትም ብንጠይቃቸው ገጹን ጠቅሰው ይነግሩን ነበር፤ 11ኛ ክፍል ስንደርስም ከፈቱልን።

እኔ ግን እንደ እርሳቸው አልሆንኩም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አባት ከክፍሌ የንባብ መጻሕፍት የአንዱን አንድ ገጽ በስልካቸው ፎቶግራፍ አንሥተው አመጡልኝ። «የቀረውን አንብበውታል ወይ?» ብዬ ሳልጠይቃቸው በዚያው ቀን መጽሐፉን አነሣሁት። እስከ እኩሌታው አንብባ የነበረች ተማሪ መጥታ ብትጠይቀኝ፣ «ሌላ ሰው ተውሶታል» ብዬ ዋሸኋት። እርስዋም ትምህርትዋን ጨርሳ ሄደች።

በበኩሌ በየትምህርት ቤታችን ቅሬታ ያለው ወላጅ ቅሬታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ መጽሐፉም ከመነሣቱ በፊት ወላጆችና መምህራን ያሉበት ኮሚቴ ከዳር እስከ ዳር እንዲያነበው፣ ውሳኔውም ከነምክንያቱ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ። የእኔው መጽሐፍ እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። በሚመጣው ሰኞ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አባትዬውን ጠርቼ ሙሉውን እንዲያነቡት አውሳቸዋለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ