ውሉን የሚጽፍላችሁ ማን ነው?

ቤት መግዛት ለአብዛኞቻችን በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገጥም ነገር ነው። በሬ ሲገዛ ጥርሱን የሚቆጥር፣ ነጠላ ስትገዛ ጥለቱን ወደ ብርሃን አውጥታ የምታይ ቤተሰብ፣ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን የሚያስረክብበትን ወረቀት ግን ደላላው በጠራው ሰው ያስጽፋል። የዛሬው ዓምዳችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣሁም፤ ከራሴ ቤት ነው።

በ2006 ዓ.ም. አክስቴ ከዳባት ወደ ጎንደር መጡ። ገብስና ድንች ሸጠው፣ ዕቁብ ጥለው፣ በመጨረሻም ሁለት በሬ ሸጠው 240 ሺህ ብር አጠራቅመው ነበር። አሳባቸው በጎንደር የሚማሩት ልጆቻቸው ከቤት ኪራይ እንግልት የሚያርፉበት ሁለት ክፍል ቤት መግዛት ነበር። ደላላው ቤቱን አሳየን፤ ሻጩን አገናኘን፤ ውል ጸሐፊም እርሱው አመጣልን። ውሉ የተጻፈው ሻይ ቤት ውስጥ ነው። አክስቴ ፊደል ስላልቆጠሩ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ከጀመርሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። አነበብሁት። የሆሄ ስሕተት እንኳ አላገኘሁበትም። «ደህና ነው» አልሁ። አክስቴ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፤ ገንዘቡም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቆጠረ።

ከአምስት ወር በኋላ የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰን። ከሳሿ የሻጩ ሚስት ነበሩ። ሻጩ «ፈትቻለሁ» ብሎን ነበር፤ እኛም ማስረጃ አልጠየቅነውም። ለካስ ተለያይተው ይኖሩ ነበር እንጂ ጋብቻው አልፈረሰም። ሴትዮዋ የጠየቁት መብታቸውን ነው፤ አይፈረድባቸውም። ሽያጩ ፈረሰ። ገንዘቡ በሽማግሌ ልመና፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ተቆራርጦ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ግን በዚያ ገንዘብ ያን መሰል ቤት የሚሸጥ ሰው አልነበረም። አክስቴ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። እኔ ግን ማንበብ እንደማውቅ፣ ምን መጠየቅ እንዳለብኝ ግን እንደማላውቅ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ጎንደር ለሽያጭ ውል እንግዳ አገር አይደለችም። በ18ኛው መቶ ዘመን የቤትና የመሬት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይመዘገብ ነበር። የሻጭና የገዢ ስም፣ የተከፈለው ዋጋ፣ የዋሶችና የምስክሮች ስም በዝርዝር ይሰፍር ነበር። እነዚህን መዛግብት ያጠኑት የታሪክ ሊቅ ዶናልድ ክራሚ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ከሻጮችና ከገዢዎች መካከል ሴቶች ጥቂት አልነበሩም። የዚያ ዘመን ጎንደሬ ሴት ስሟ በመዝገብ ሰፍሮ ንብረት ከገዛች፣ እኛ በሻይ ቤት ወረቀት ልንታለል አይገባንም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የቤት ጽሑፍ ግን የሚወረሰው ሕጉ በሚያዘው መንገድ የተጻፈ ሲሆን ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የቤትና የመሰለው ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከዚያም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ቁጥር 1727 ሁለት ምስክሮች እንዲፈርሙበት ይጠይቃል። ቁጥር 1728 ደግሞ በተለይ ለእናቶቻችን የተጻፈ ይመስላል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር የፈረመው ውል ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የአክስቴ ውል በእነዚህ ሁሉ ሲመዘን ባዶ ወረቀት ነበር ማለት ይቻላል። የሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህንኑ የምዝገባ ግዴታ አጥብቆ ወስኗል። በኋላ የተሰጡ ውሳኔዎች ተዋዋዮቹ ውሉን ካልካዱ ለዘብ ያሉበት ጊዜ ቢኖርም፣ ቤታችሁን በሻጩ አለመካድ ላይ አታሳድሩት።

በእንግሊዝ አገር ቤት ገዢ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሕግ ባለሙያ ይቀጥራል። በእኛ አገር ለቤት ግዢ ብቻ የተለየ ሙያተኛ የለም፤ ሥራውን የሚሠራው የጥብቅና ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው። ውል ጸሐፊ የነገሩትን አሳምሮ ይጽፋል፤ ያልነገሩትን ግን አይመረምርም። ደላላውም ቢሆን ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነው። ስለዚህ እርሱ የጠራው ሰው «ይህን ቤት አትግዙ» ብሎ ሊመክራችሁ ይከብደዋል። ጠበቃ የምንይዘው ከሁሉ በፊት ይህችን አንዲት ቃል ሳይፈራ እንዲነግረን ነው።

ጠበቃ ስትመርጡ የሚከተሉትን ጠይቁ። የታደሰ የጥብቅና ፈቃድ አለው? የቤት ሽያጭ ጉዳይ ሠርቶ ያውቃል? ለሻጩ ወይም ለደላላው የሚሠራው ሥራ አለ? ክፍያው ስንት ነው፤ መዝገብ ማጣራትን፣ ውል ማዘጋጀትንና ስም ማዛወርን ሁሉ ያጠቃልላል? መልሱን በጽሑፍ ያዙ፤ ለከፈላችሁትም ደረሰኝ ተቀበሉ። በዚህ የሚቀየም ጠበቃ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። አቅም ለሚያንሳት እኅት ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለሴቶችና ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ የቆየ በመሆኑ፣ ሄዳ ብትጠይቅ መልካም ነው።

ጠበቃው ሊያጣራላችሁ የሚገባው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ሻጩ የያዘው ካርታ በከተማው አስተዳደር ካለው ማኅደር ጋር ይመሳከራል። ሁለተኛ፣ ቤቱ በባንክ መያዣ ወይም በፍርድ ቤት እግድ ሥር እንዳይሆን፣ የግብርም ሆነ የሊዝ ዕዳ እንዳይኖርበት ይጠየቃል። የተመዘገበ መያዣ ሻጩን ሳይሆን ቤቱን ተከትሎ ይሄዳልና። ሦስተኛ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርማል፤ ከፈታ የፍቺውን ማስረጃ ያቀርባል። ጋብቻ ውስጥ የተፈራ ቤት በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ እንደ ፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሁሉ፣ የጋራ ቤትን ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። አራተኛ፣ ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሾቹ ሁሉ ስምምነት ይታያል። አምስተኛ፣ ሻጩ ወኪል ከሆነ ውክልናው ቤት ለመሸጥ ተብሎ በግልጽ የተሰጠ መሆን አለበት፤ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም።

በከተማው ዳርቻ ርካሽ ቤት ሲቀርብላችሁ ደግሞ ቆም በሉ። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ደንግጓል። ገበሬው ከእርሻው ቆርሶ በሸጠው ቦታ ላይ የተሠራ የጨረቃ ቤት ከነዋጋው ሊፈርስ ይችላል።

ጠበቃውን የምትይዙት ግን መቼ ነው? ብዙዎቻችን የምንሄደው ከተጣላን በኋላ ነው። መሄድ ያለብን ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ነው። ቀብድ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ገዢ ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጭ ቢለውጥ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ «ማጣራቱ ካልቀና ቀብዱ ይመለስ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው በወረቀት ላይ ይስፈር።

ጠበቃ ይዛችሁም እናንተ የምትሠሩት ሥራ አለ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ሁሉ ንገሩት፤ አጥሩ ላይ ከጎረቤት ጋር ክርክር እንዳለም ቢሆን። ጎረቤቶችን ራሳችሁ ጠይቁ፤ የአክስቴን ቤት ጎረቤት ጠይቀን ቢሆን ኖሮ የሻጩን ሚስት በአንድ ሲኒ ቡና ባወቅናቸው ነበር። ዋጋውን እውነተኛውን አስጽፉ። ግብር ለመቀነስ ብለው ግማሹን የሚያስጽፉ አሉ፤ ሽያጩ የፈረሰ ዕለት ግን ማስረጃ ያላቸው ለተጻፈው ብቻ ነው። ገንዘቡን በባንክ ክፈሉ፤ ከፍ ያለውን ክፍያ ስሙ እስኪዛወር ድረስ አቆዩ። ውሉ ተፈርሞ ስሙ ካልዞረ የቤቱ ባለቤት ገና ሻጩ ነው። ስም ለማዛወር የሚከፈለውን ማን እንደሚከፍልም አስቀድማችሁ ተስማሙ።

በመጨረሻ ለባለትዳር እኅቶች አንድ ቃል። ባላችሁ ቤት ሲገዛ «ወረቀቱ የወንድ ሥራ ነው» ብላችሁ እቤት አትቅሩ። ጠበቃው ዘንድ አብራችሁ ሂዱ፤ ያልገባችሁን ቃል ደግማችሁ ጠይቁ፤ በካርታውም ላይ ስማችሁ ከባላችሁ ስም ጎን ይስፈር።

አክስቴ ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ልጃቸው ቤት ሊገዛ ሲነሣ ከዳባት ደወሉልኝ። ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ዋጋውንም አልጠየቁኝም። «ልጄ፣» አሉ፣ «ሰውዬው ሚስት አለችው? እርሷን አግኝታችኋታል?»