ዩኤስቢ ሀብ ለዜማ ቀረጻና ለብራና ምስል፦ ባለ አዳፕተሩ ወይስ ያለ አዳፕተር የሚሠራው?

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ ባለ አዳፕተሩ ይመረጥ

ዩኤስቢ ሀብ በኮምፒዩተር ላይ ያለውን አንድ መሰኪያ ወደ አራት፣ ወደ ሰባት ወይም ወደ አሥር የሚያበዛ ትንሽ መሣሪያ ነው። መሰኪያውን ያበዛል እንጂ ኤሌክትሪኩን አያበዛም። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሀብ የሚያከፋፍለው ከኮምፒዩተሩ የሚያገኘውን ብቻ ነው፤ ይህም በዩኤስቢ 2.0 ደንብ በ5 ቮልት 500 ሚሊ አምፔር፣ በ3.0 ደንብ 900 ሚሊ አምፔር ነው። በ2.0 ሀብ ላይ 100ው ለሀቡ ለራሱ ይቀነሳል፤ የቀረው 400 ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ መሰኪያ 100 ይደርሰዋል። ማውስና ኪቦርድ በዚህ ይሠራሉ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን ሳህኑን ማሽከርከር ሲጀምር ለአፍታ እስከ 1 አምፔር ሊስብ ይችላል። ያን ካላገኘ ጠቅ ጠቅ እያለ ይነሣና ይወድቃል፣ ወይም በጽሕፈት መካከል ከኮምፒዩተሩ ይለያል።

ይህ ስሌት በደቡብ ጎንደር ባለው በጋይንት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማወቅ በዚያ መቀረጽ የሚገባውን ማሰብ ይበቃል። በዚያ ያለው ቤተ ልሔም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ በሌላ ጉባኤ ቤት ድጓውን የዘለቀ ደቀ መዝሙር የሚያስመሰክረው ከዚያ ሄዶ ነው። ከቆማና ከአጫብር ስልት ይልቅ በሰፊው የተስፋፋውም የቤተ ልሔም ዜማ ነው። ትውፊት የዜማውን ምልክቶች ሥርዓት ያስያዙት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸውን ይናገራል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት የተባሉት ምልክቶች በብራናው ላይ ከፊደሉ በላይ ደቅቀው ስለሚጻፉ፣ ምስሉ ጥርት ካላለ ንባቡ ይተርፋል እንጂ ዜማው አይተርፍም። ስለዚህ ምስሉ ሳይታመቅ በጥሬው ይነሣል። አንዱ ምስል 30 ሜጋ ባይት ቢሆን፣ 200 ቅጠል ያለው ድጓ በ400 ገጹ 12 ጊጋ ባይት ይይዛል። ያም በአንድ ዲስክ ብቻ አይቀመጥም፤ ቢያንስ ሁለት ቅጂ ያስፈልገዋል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እዚያው ጋይንት ውስጥ እስካለችው እስከ ነፋስ መውጫ ከተማ ድረስ ዘልቆ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ሁለተኛ ቅጂን እንደ ትርፍ ነገር አያየውም።

በዛሬ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሁለት መሰኪያ፣ አንዳንዴም አንድ ብቻ ነው። ካሜራው፣ ሁለቱ ዲስኮች፣ ማውሱና ፍላሹ ያለ ሀብ አይገቡም። ሀብ ከገባ ደግሞ ኃይሉ ከራሱ አዳፕተር መምጣት አለበት።

ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው የመሰኪያው ብዛት ሳይሆን አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው አምፔር ነው። ሰባት መሰኪያ ኖሮት በ5 ቮልት 2 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ይዞ የመጣ ሀብ ሁለት ዲስክ በአንድ ጊዜ ካስነሣ አቅሙ ያልቃል፤ 4 አምፔር ያለው ግን ሁለቱንም ተሸክሞ ለሌላው ይተርፈዋል። በመሰኪያው ውስጥ የሚታየው ሰማያዊ ፕላስቲክ ብቻውን የ3.0 ማስረጃ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ፈጣን ዲስክ ተሰክቶ አንድ ትልቅ ፋይል ይገልበጥ፤ በሰከንድ ከ40 ሜጋ ባይት ካላለፈ፣ ስሙ ምንም ቢሆን ሥራው የ2.0 ነው። የገመድ አልባ ማውስ መቀበያም ከ3.0 መሰኪያ አጠገብ ባይሰካ ይመረጣል፤ የ3.0 መስመር መቀበያው በሚሠራበት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ረብሻ ስለሚያወጣ ማውሱ ይንቀራፈፋል።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ያለ አዳፕተር የሚሠራው ይበቃል

የአምፔሩ ስሌት ትክክል ነው፤ የጎደለው መብራት ሲሄድ የሚሆነው ነው። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች መስመር በገባበት ከተማም መብራት ይቆራረጣል፤ መስመር ባልደረሰበት ደብር ያለው ፀሐይና ባትሪ ነው። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ሥራውን አያቋርጥም። ከእርሱ የሚመገበው ሀብም አብሮ ይቀጥላል፤ የተሰኩበት ዕቃዎች መብራት መሄዱን እንኳ አያውቁም። ባለ አዳፕተሩ ሀብ ግን በዚያች ቅጽበት ይወድቃል። አንዳንዱ ጭራሽ ይጠፋል፤ ሌላው ወደ ኮምፒዩተሩ ኃይል ይዞራል፣ በመዞሩ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ የተሰኩትን ሁሉ ነቅሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ሀብ ላይ ሆነው በአንድ ጊዜ እየተጻፈባቸው ከነበረ ዋናውና መጠባበቂያው በአንድ ላይ ይቋረጣሉ። ሁለተኛ ቅጂ የሚያዘው አንዱ ሲጎዳ ሌላው እንዲተርፍ ነው፤ ሁለቱን በአንድ አዳፕተር ላይ መስቀል ያንን ምክንያት ያፈርሰዋል።

ጉዳቱ በዲስኩ አጻጻፍ ሥርዓት ይለያያል። ኤንቲኤፍኤስ የሚሠራውን ለውጥ አስቀድሞ ስለሚመዘግብ ከድንገተኛ መቋረጥ በኋላ ማውጫውን ያስተካክላል። ብዙ ዲስኮችና ትልልቅ ፍላሾች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ኤክስኤፍኤቲ ይህ መዝገብ የለውም፤ በጽሕፈት መካከል ከተነቀለ ቀደም ሲል የተቀመጠው ፋይልም ላይከፈት ይችላል።

መብራት ሲመለስም ሌላ አደጋ አለ። ቮልቴጁ ለአፍታ ከ220 በላይ ሊዘል ስለሚችል ርካሽ አዳፕተር በዚያ ይቃጠላል። በደንብ ያልተሠራ ሀብ ደግሞ የአዳፕተሩን 5 ቮልት በገመዱ ወደ ላፕቶፑ መልሶ ይገፋል፤ ላፕቶፑ ከጠፋ በኋላ የማውሱ መብራት ወይም የላፕቶፑ ጠቋሚ መብራት በርቶ የሚቀረው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ የሚያደርግ ሀብ ቶሎ መወገድ አለበት።

የሥራው ሥርዓት ቢስተካከል ባለ አዳፕተር ሀብ ባላስፈለገም ነበር። ዲስኩ በቀጥታ ከላፕቶፑ መሰኪያ ይሰካ፤ በሌላው መሰኪያ ሀቡ ይግባና ማውሱን፣ ፍላሹንና የካርድ ማንበቢያውን ይያዝ። መጀመሪያው ቅጂ ካለቀና ከተረጋገጠ በኋላ ዲስኩ በሥርዓቱ ተለይቶ ሁለተኛው በቦታው ይግባ። 12 ጊጋ ባይት በ2.0 ፍጥነት እንኳ 6 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት በሚጽፍ ዲስክ 2 ደቂቃ ነው። ከብራናው ዝግጅት፣ ከመብራቱ አቀማመጥና ከገጽ መግለጡ አንጻር ይህ ጊዜ ከቁጥር አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ድምፁ ነው። ብራናው ነገም ሊነሣ ይችላል። አረጋዊ መምህር በአንድ ሌሊት ያዜሙትን ግን በዚያው ድምፅና በዚያው አኳኋን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ቀረጻው በምንም ዓይነት ሀብ ማለፍ የለበትም፤ የራሱ ባትሪና የራሱ ሚሞሪ ካርድ ያለው መቅረጫ ይያዝ። በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ በሁለት ማይክ የተቀዳ አንድ ሰዓት ዜማ 1 ጊጋ ባይት ያህል ነው፤ 64 ጊጋ ባይት ካርድ ከ55 ሰዓት በላይ ይይዛል። ኮምፒዩተሩ የሚያስፈልገው ጉባኤው ከተፈታ በኋላ፣ ካርዱ ሲገለበጥ ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

ድምፁ በሀብ አይለፍ የሚለው ያለ ክርክር ይጸናል። ዲስኩ በቀጥታ ይሰካ የሚለው ግን ሁለት መሰኪያ ላለው ላፕቶፕ የተነገረ ነው። አንድ ታይፕ ሲ ብቻ ያለው፣ በዚያውም ቻርጅ የሚደረግ ላፕቶፕ በዚህ ምክር አይረዳም። የመብራቱ ችግርም መፍትሔ አለው፤ አዳፕተሩ ከግድግዳው ይልቅ ከዩፒኤስ፣ ማለትም ከመጠባበቂያ ባትሪ፣ ቢሰካ ሀቡ መቋረጡን አያውቀውም። በ5 ቮልት የሚሠራ ሀብ ደግሞ ገመዱ ከተስማማ በፓወር ባንክ ይሠራል። በ12 ቮልት የሚሠራውን ከፀሐይ ባትሪ ጋር ማገናኘትም ይቻላል፤ ነገር ግን ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ከ14 ቮልት ስለሚያልፍ በመካከሉ ቮልቴጅ መጠበቂያ ይግባ፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩም ሳይሰካ ይለይ።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ዩፒኤሱ ባለበት ክርክሩ ያበቃል፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር መጥቶ በደብረ ታቦር አልፎ ወደ ገጠር ደብር የሚወጣ ሰው ግን ያን ክብደት ብዙ ጊዜ አይሸከምም። ፓወር ባንኩ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም፤ ብዙዎቹ ቻርጅ መደረግ ሲጀምሩና ሲያቆሙ ውጤታቸውን ለቅጽበት ይቆርጣሉ፣ ያም መብራት ሲሄድና ሲመጣ ነው። የሚሳበው ኃይል ሲያንስም ራሳቸውን ያጠፋሉ። ታይፕ ሲ ብቻ ያለው ላፕቶፕ የያዘ ሰው በባትሪው እየሠራ ዲስኩን በዚያው መሰኪያ ይሰካ፤ ገልብጦ ሲጨርስ ቻርጅ ያድርግ። ለዚህ ሥራ ላፕቶፕ ገና የሚገዛ ካለም ከዋጋው በፊት መሰኪያዎቹን ይቁጠር፤ ከሁለት ያነሰ ያለውን አይግዛ።