ካርዱን ስጡ፣ ደብተሩን ግን አትስጡ

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን በሞያሌ በሁለቱም በኩል ነጋዴው አንድ ወሬ ይዟል። ኮድ መጻፍ ሳያስፈልግ፣ ሻይ ተፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ ለደንበኛ የዲጂታል ካርድ ማውጣት ይቻላል ይባላል። ወሬው እውነት ነው። እዚህ ጎዶማ የምንነግድም ሆነ ወዲያ ማዶ ያላችሁ ብትሞክሩት ይሠራል። እኔን የሚያናድደኝ ካርዱ አይደለም። «ያለ ኮድ» ሲባል «ያለ ኃላፊነት» ብለን መስማታችን ነው።

ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ካርዱ ትንሽ ፋይል ነው። የሱቁ ስም፣ የደንበኛው ቁጥርና የኪውአር ምልክት አለበት። ሊንኩን በዋትስአፕ ትልካላችሁ፤ ደንበኛው ሲነካው ጎግል ዋሌት ወይም አፕል ዋሌት ውስጥ ይገባል። ዕቃ ሲገዛ በስልካችሁ ካሜራ ታነቡታላችሁ፣ ነጥቡ ይደመራል።

አሁን ሻጮቹ ወደማይነግሯችሁ ልምጣ። እያንዳንዱ ካርድ የሚፈረምበት ቁልፍ አለ። አፕል ይህን ቁልፍ የሚሰጠው በዓመት 99 ዶላር ለከፈለ አካውንት ነው። «ያለ ኮድ» የሚሸጥላችሁ ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚፈርመው በራሱ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ የናንተ ስም ይጻፍ እንጂ ባለቤቱ እሱ ነው። ወርሃዊ ክፍያ ያቆማችሁ ቀን ካርዱ ደንበኛው ስልክ ላይ ሊቀር ይችላል፣ ነጥብ ግን አይገባበትም። ወደ ሌላ ድርጅት ብትዞሩ ካርዱ አብሯችሁ አይዞርም፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ እንደ አዲስ ማውጣት ነው። በሰው ወርቅ አይደመቅም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ነጥቡ ነው። ኮሜርስ የተማረ ሰው ያውቀዋል፦ ለደንበኛ የሰጣችሁት ነጥብ ስጦታ ሳይሆን ዕዳ ነው። መቶ ሰው ለእያንዳንዱ የ500 ብር ቅናሽ ቢያጠራቅም፣ ሱቃችሁ የ50,000 ብር ባለዕዳ ነው። ይህ ዕዳ በመዝገብ መያዝ አለበት። ድንበር ላይ ደግሞ በየትኛው ገንዘብ እንደተያዘም መጻፍ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ምን እንደሆነ አልረሳንም። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ በብር የተጻፈ ነጥብ የያዘ ደንበኛ ከናይሮቢ በሽልንግ በመጣ ዕቃ ላይ ቅናሹ ሲመነዘርለት ግማሽ ሊሆንበት በቻለ ነበር። በሽልንግ ነጥብ ሰጥቶ በብር የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ ኪሳራው የራሱ በሆነ ነበር። ካርዱን የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን አይጠይቃችሁም። ለእሱ ነጥብ ነጥብ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ደብተሩ ነው። የኛ ንግድ የቆመው በዱቤ ነው። ማን ከማን ወሰደ፣ ማን በስንት ቀን ይከፍላል፣ ማን ልጁን ለትምህርት ቤት ልኮ እጁ አጠረ፣ ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ ዝም ብለንም እንይዛለን። አሁን ግን ስምና ስልክ ቁጥር አልፎ የዱቤ ቀሪ ሒሳብ ሳይቀር ካርዱ ላይ እንጫን የሚሉ አሉ። ያን ስትጭኑ የጎረቤታችሁን ምስጢር የማታውቁት አገር ያለ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የሚጠብቅ ሕግ አውጥተዋል። ሕጉ ባይኖርስ? ዱቤ የሰጣችሁት እናት ሚስጥሯ ዋትስአፕ ላይ ሲዞር ብታገኘው፣ ነገ ሱቃችሁ ትመጣለች?

«ወረቀትም ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ዝናብ ይመታዋል» የሚለኝ ሰው እውነቱን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ተብሎ እኔም ወረቀት ላይ ብቻ ሙጭጭ በሉ አልልም። ዝርዝሩን በኤክሴል ያዙት፣ ቅጂውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ካርዱ ላይ ግን የደንበኛ ቁጥርና ነጥብ ብቻ ይኑር። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው የናንተ መዝገብ ይሁን። ከመፈረማችሁ በፊትም ድርጅቱን ጠይቁ፦ ዝርዝሬን ሙሉውን አውርጄ መውሰድ እችላለሁ? ካልቻልኩ ካርዱን አልፈልግም በሉ።

በመጨረሻ ካባምቤ ስለያዘው ደንበኛ ልናገር። ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ሲጀምር አገሩን ያዳረሰው በርካሹ ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሠራ ነው። ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲመጣ ኢንተርኔት ለሌለው *127# ይዞ መጣ። ገንዘቡ ካባምቤ ድረስ ከወረደ ቅናሹ የማይወርድበት ምክንያት የለም። ከብቱን ሸጦ ስኳርና ዘይት ሊገዛ ከገጠር የመጣ አባት ዘመናዊ ስልክ ስለሌለው ብቻ ከጎኑ ከቆመው ወጣት የበለጠ ከፍሎ ከወጣ፣ ያ ዘመናዊነት ሳይሆን አድልዎ ነው። ለእሱም ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ ነጥቡ እኩል ይቆጠርለት።

እንግዲህ ካርድ ማውጣት የምትፈልጉ አውጡ፣ ኮድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የማን ቁልፍ እንደሆነ፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሆነና ዝርዝሩ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ነው። እነዚህን ሦስቱን ያልመለሰ ሻጭ ሱቃችሁ ሲመጣ ሻይ ጋብዙትና ሸኙት።