በሞላ ላይ ስለሚወዛወዝ የዕረፍት ወንበር

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ዕቃና ስለ ቤተ ሰብ ጤና በየጊዜው እንጽፋለን። ዛሬ ደግሞ ሰው ከሥራው ደክሞ ሲመለስ ዐረፍ ስለሚልበት ወንበር፥ ይልቁንም በሞላ ተይዞ በቀስታ ስለሚወዛወዘው የዕረፍት ወንበር አሠራር ልንናገር ወደድን። ሞላ የምንለው ሲጫኑት የሚሸሽ፥ ሲለቁት ወደ ቦታው የሚመለስ ብረት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ስለ ጋምቤላ አድርገን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር፥ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ የተቀመጠች የቈላ ከተማ ናት። በየካቲትና በመጋቢት የቀትሩ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ከደጋ ተሹሞ የወረደ ሰው፥ ይልቁንም አረጋዊ አባቱን ወይም እናቱን ይዞ የወረደ እንደ ሆነ፥ ከሥራው ይልቅ የሚያስጨንቀው የዕረፍትና የእንቅልፍ ነገር ነው። ወፍራሙ ፍራሽ ይሞቃል፤ ጠንካራው ወንበር ወገብ ይቈርጣል፤ እግርም ከሙቀት የተነሣ ያብጣል። ስለዚህ የመልካም ወንበር ነገር በዚያ አገር የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ የጤና ጉዳይ ነው።

መወዛወዝ ዕረፍት እንዲሰጥ ሕዝባችን ከጥንት ዠምሮ ያውቀዋል። እናት ልጅዋን በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ የምትለው ስለዚህ ነው። የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2011 ዓ.ም. ይህንኑ መርምረዋል። 12 ጤነኛ ወንዶችን ከቀትር በኋላ ለ45 ደቂቃ፥ አንድ ጊዜ በማይንቀሳቀስ አልጋ፥ አንድ ጊዜ በቀስታ በሚወዛወዝ አልጋ አስተኟቸው። በሚወዛወዘው አልጋ የተኙ ጊዜ ፈጥነው እንዳንቀላፉ ተገኘ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ 18 ወጣቶችን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስተኙ፥ የሚወዛወዘው አልጋ ከባዱን እንቅልፍ እንዳረዘመ አዩ። አልጋው አንድ ጊዜ ሄዶ የሚመለሰው በ4 ሰኮንድ ነበር፤ ይኸውም በደቂቃ 15 ጊዜ ነው። ይህም ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ከሚተነፍሰው ልክ ጋራ ይቀራረባል። የተመረመሩት ግን ጤነኞችና ጐልማሶች ስለ ሆኑ፥ ወንበሩ የታመመን ይፈውሳል ብሎ ማንም አይመካ።

ወንበርን በሞላ ላይ ማኖርም አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ቶማስ ዋረን በ1849 ዓ.ም. ከመቀመጫው በታች የተቈለመሙ የብረት ሞላዎች ያሉበት ወንበር ሠራ፤ ይህም ወንበር በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን በተደረገው ታላቅ የኤግዚቢሽን ትርኢት ታየ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በሚሺገን አገር፥ በሞንሮ ከተማ፥ ኤድዋርድ ክናቡሽና ኤድዊን ሹሜከር የተባሉ ሁለት የሥጋ ዘመዶች፥ ከእንጨት ርብራብ ወደ ኋላ የሚንጋለል የበረንዳ ወንበር አበጁ። በኛም አገር የኑዌር ሽማግሌዎች ከአንድ እንጨት የተጠረበ፥ አንድም መቀመጫ አንድም የራስ ድጋፍ የሚሆን ዕቃ አላቸው። ደገኛውም በጠፍር አልጋውና በመከዳው ሲያርፍ ኖሯል። እንግዲህ የጐደለን ዕውቀቱን ሁሉ ከባዕድ መለመን አይደለም፤ ያለንን ከተማርነው ጋራ ማጋጠም ነው።

በጋምቤላ የሞላ ብረት ከወዴት ይገኛል የሚል ይኖራል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ቦታ እንዲከራይ ፈቀዱ። ከዚያም ወዲህ ቡናው ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎ እየወረደ፥ ጨውና ጨርቁ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ እየመጣ በጋምቤላ ይገናኝ ነበር። መርከቡ የሚደርሰው ውሃው በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን የመርከቡ ዘመን አልፎ ዕቃ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ነው። የመኪናም ባሌስትራ በአስቸጋሪ መንገድ ይሰበራልና፥ ከጋራዥ የወጣው ብረት በአንጥረኛ እጅ ማጭድና ቢላዋ ሲሆን እናያለን።

ይህን ያየ ሰው፥ አራት ሞላ ከወንበሩ እግር በታች ባኖር የልቤ ይደርሳል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ስሕተቱ የሚዠምረው ከዚህ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ በ1678 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፥ የሞላ መሸሽ ከተጫነበት ክብደት ጋራ የተመጣጠነ ነው። ሰው ተቀምጦበት 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ሞላ በሰኮንድ 5 ጊዜ ይነጥራል፤ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ሁለት ጊዜ ተኩል፥ 25 ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚል አንድ ጊዜ ይነጥራል። እንደ ጄኔቩ አልጋ በ4 ሰኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሄድና እንዲመለስ የፈለግን እንደ ሆነ፥ ሞላው 4 ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ይህም በቤት ውስጥ የማይሆን ነገር ነው። ከዚህም በላይ በሰኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚደርስ የላይና የታች ንዝረት የሰውን ገላ አብልጦ የሚያውከው ነው። እንግዲህ ለብዙ ኩንታል ጭነት የተሠራውን ጽኑ ባሌስትራ ለአንድ ሽማግሌ መቀመጫ ያደረገ ሰው፥ አባቱን በኰረኰንች መንገድ ላይ በጭነት መኪና እንዳስቀመጠ ይቈጠራል።

ስለዚህ መልካሙ ብልሃት ሌላ ነው። ውዝዋዜውን የሚሰጠው የእንጨቱ ቅስትነት ይሁን፤ ሞላው ግን የሚይዝና ከወሰን እንዳያልፍ የሚመልስ ብቻ ይሁን። አሠራሩን በየተራ እንገልጣለን።

አንደኛ፤ ከደረቀ ዋንዛ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ሁለት ቅስት እግሮች ይቈረጡ። ቅስቱን ለማስመር አናጢው 1 ሜትር ወይም 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ገመድ በሚስማር አስሮ፥ በጫፉ ጠመኔ ይዞ ይዙር። ቅስቶቹም በመሬት ላይ ሳይሆን፥ ጠፍጣፋ በሆነ ሌላ የእንጨት መሠረት ላይ ይቀመጡ። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ወንበሩ እየተንፏቀቀ ከቦታው አይሄድም። በቅስቱና በመሠረቱ መካከል ከአሮጌ ጎማ የተቈረጠ ቀጭን ንጣፍ ቢገባ ድምፅ አይሰማም፥ አይንሸራተትምም።

ሁለተኛ፤ በያንዳንዱ ጐን አንድ ሞላ በፊት፥ አንድ ሞላ በኋላ ሆኖ ቅስቱን ከመሠረቱ ጋራ ያያይዝ። ወንበሩ ወደ ፊት ሲያዘነብል የኋላው ይሳባል፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብልም የፊቱ ይሳባል። ለዚህ የሚሆነው ከአሮጌ የብረት አልጋ የሚወጣ ለስላሳ ሞላ ነው። ሞላውን በብሎንና በዳዶ ማሰር እንጂ በእሳት መበየድ አይገባም፤ የሞላ ብረት ጽናቱን ያገኘው በሙቀት ተቀጥቅጦ በልኩ ስለ ቀዘቀዘ ነውና፥ እንደገና ከተቃጠለ ወይ ይለሰልሳል፥ ወይ እንደ ሸክላ ይሰበራል።

ሦስተኛ፤ በያንዳንዱ ሞላ አጠገብ ከሞላው ጥቂት የሚረዝም የጠፍር መግቻ ይታሰር። ሞላው ቢበጠስ ወይም የተቀመጠው ሰው በኃይል ቢንጋለል፥ ወንበሩ ተገልብጦ እንዳይጥለው የሚይዘው ይህ ጠፍር ነው። መግቻ የሌለውን ወንበር ማንም ሰው ወደ ቤቱ አያስገባ።

አራተኛ፤ የመቀመጫው ከፍታ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከፍ ባለ መጠን የሰውየው ክብደት ወደ ቅስቱ መካከል ነጥብ ይቀርብና ውዝዋዜው ይዘገያል፤ ከልክ ካለፈ ግን ይገለበጣል። መፈተኛውም ቀላል ነው። ሰው አስቀምጦ በቀስታ ገፋ አድርጎ፥ ወንበሩ ዐሥር ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ በሰዓት መቍጠር ነው። ከ20 ሰኮንድ በታች ከሆነ ይፈጥናልና ሞላው ይላላ፤ ወደ 30 ሰኮንድ ከደረሰ መልካም ነው። ከዚህ የዘገየ የሚወድ ሰው በጋምቤላ ከሞሉት የማንጎ ዛፎች በአንዱ ጠንካራ ቅርንጫፍ 4 ሜትር በሚሆን ገመድ አልጋ ቢያንጠለጥል፥ ያለ ምንም ሞላ የጄኔቩን ልክ ያገኛል።

አምስተኛ፤ መደገፊያው ወደ ኋላ ጋደል ያለ ይሁን፤ የስዊድን ሐኪሞች ለክተው እንዳሳዩት፥ ጀርባ ወደ ኋላ በተደገፈ መጠን በወገብ አጥንቶች መካከል ያለው ጫና ይቀንሳልና። ለእግርም ማሳረፊያ ይበጅለት። መቀመጫውና መደገፊያው በጠፍር ወይም በገመድ የተጠለፈ ቢሆን ነፋስ ያሳልፋል፤ በስፖንጅና በፕላስቲክ የተሸፈነው ግን በቈላ አገር ላብ ያጠራቅማል።

ስድስተኛ፤ ጥበቃው አይዘንጋ። ምስጥ እንጨቱን እንዳይበላ መሠረቱ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ይቀመጥ፤ የክረምቱም እርጥበት ብረቱን እንዳያዝገው ሞላው በየጊዜው ግራሶ ይቀባ።

ከእንግዲህ ወዲህ የምንናገረው ከአሠራሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ወንበሩ ለአረጋውያን ዕረፍት የተሠራ ነውና መጥፊያቸው እንዳይሆን። ሽማግሌ ከሚወዛወዝ ወንበር ሲነሣ መቀመጫው ከበታቹ ይሸሻል፤ በዚያ ዕድሜ መውደቅ ደግሞ የዳሌ አጥንት መሰበር፥ የዳሌ አጥንት መሰበርም ብዙ ጊዜ የአልጋ ቍራኛ መሆን ነው። ስለዚህ በቅስቱና በመሠረቱ መካከል የሚገባ የእንጨት ሽብልቅ በገመድ ታስሮ ይንጠልጠል። ከቤተ ሰቡ አንዱ ሽብልቁን አግብቶ ወንበሩ መቆሙን ሳያረጋግጥ ሽማግሌው አይነሣ። የክንዱም መደገፊያ ጠንካራና የማይነቃነቅ ይሁን። እግሩ ያለ ዕረፍት የሚያብጥበት ሰው ደግሞ ወንበሩን ሳይሆን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሕፃናት ነገር ነው። አያት በወንበሩ ሆነው የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ቢያወዛውዙ ደስ ያሰኛል፤ ሕፃኑ ካንቀላፋ በኋላ ግን ጋደል ባለ መቀመጫ ብቻውን መተው አይገባም። የጨቅላ ልጅ ራስ ከባድ፥ አንገቱ ደካማ ስለ ሆነ፥ አገጩ በደረቱ ላይ ይወድቅና ትንፋሹ ይዘጋል። ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። በአሜሪካ ለሕፃናት ማስተኛ ተብሎ የተሸጠ ጋደል ያለና የሚወዛወዝ መኝታ ከ30 የሚበልጡ ሕፃናት ሞተውበት በ2019 ዓ.ም. 4.7 ሚሊዮን ያህሉ ከገበያና ከየቤቱ እንዲመለስ ታወጀ፤ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ ይህን የመሰለ ጋደል ያለ የሕፃን መኝታ እንዳይሸጥ ሕግ ወጣ። እንግዲህ ያንቀላፋው ሕፃን ከእቅፍ ወርዶ በሜዳማና ጠንከር ባለ መኝታ በጀርባው ይተኛ። ትልልቆቹም ልጆች ጣታቸውን በቅስቱና በመሠረቱ መካከል እንዳያስገቡ፥ ጐኑ በሳንቃ ወይም በላሜራ ይሸፈን።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ ሰው ሁሉ ሥራ ሥራ በሚልበት ዘመን ስለ መንጋለል መጻፍ ስንፍናን ማስተማር ነው ይለን ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አናስብም። በሬ እንኳ ከቀንበር ተፈትቶ ካላመሰኳ ነገ አያርስም። በቀትር አንድ ሰዓት ያረፈ ጸሓፊ ከቀትር በኋላ የሚጽፈው ደብዳቤ ስሕተት የሌለበት ይሆናል፤ ሌሊት ተኝቶ ያደረም ዳኛ ባለ ጉዳዩን በትዕግሥት ይሰማል። ደክሞና ተቈጥቶ የሚፈርድ ሰው የሚጐዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ በደጁ የቆመውን ድኻ ጭምር ነው።

ደግሞም ዕረፍቱ ለአባወራው ብቻ የተመደበ አይሁን። ከማለዳ ዠምራ በምድጃ ፊት የቆመችው የቤት እመቤት፥ በዚያ ሙቀት ላይ የእሳቱን ሙቀት የጨመረችው እርሷ ናትና፥ ወንበሩ በቀን አንድ ሰዓት የእርሷ ይሁን። ይህን በቤቱ ሥርዓት አድርጎ ያቆመ ሰው ከመልካም ወንበር የሚበልጥ ነገር ለቤተ ሰቡ ሠራ ማለት ነው።

ወንበሩን ለማሠራት የሚያስብ አንባቢ ይህን ጽሑፍ ቈርጦ ለአናጢው ይስጠው። ከመግዛቱም በፊት ሦስቱን ነገር ይመርምር፤ መግቻው አለን፥ ሽብልቁ አለን፥ ዐሥሩ ውዝዋዜ ስንት ሰኮንድ ወሰደ ብሎ ይጠይቅ። ሦስቱ ከተገኙ ያለ ሥጋት ይቀመጥበት።