ኃጢአት ሁሉ ወንጀል ነውን?

ባለፈው ዐቢይ ጾም በሁለተኛው ሳምንት በመኝታ ሕንፃችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አደረ። ወረቀቱ የአንድ ጓደኛችንን ስም ከነክፍሉ ቁጥር ጠርቶ፣ ግብረ ሰዶም ይፈጽማልና ተጠንቀቁት ይላል። ከታች የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና ቁጥር ተጠቅሶበታል፤ የጸሐፊው ስም ግን የለበትም። የማለዳው ትምህርት ሳይጀመር ያላነበበው ተማሪ አልነበረም። አንዳንዶቻችን ሳቅን፤ አንዳንዶቻችን አማተብን፤ ወረቀቱን ለማንሣት እጁን የዘረጋ ግን ከመካከላችን አንድ ስንኳ አልተገኘም። በአራተኛው ቀን ልጁ ልብሱን ጠቅልሎ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። የተባለው ነገር እውነት ይሁን ሐሰት አናውቅም፤ ማወቅም የሚገባን አይመስለንም።

ይህን ለመጻፍ ስንነሣ ከገዛ ጓደኞቻችን መካከል «ተዉት፣ እንዲህ ያለው ነገር በጋዜጣ አይወጣም» ያሉን አሉ። ምክራቸውን በአክብሮት ሰማን። ነገር ግን የሰው ስም በሰሌዳ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰነብት ማንም ነውር ነው ሳይል ቆይቶ፣ ስለ ነገሩ ማሰቡ ነውር ሊሆን አይችልም።

ጥያቄያችን ክርስትና ይህን ሥራ ኃጢአት ይለዋል ወይስ አይለውም የሚል አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ኃጢአት ነው ብላ እንደምታስተምር የማያውቅ የለም፤ እኛም የተጠመቅንና የምንጾም ልጆቿ ነን እንጂ ከውጭ ቆመን ትምህርቷን ለማረም የተነሣን አይደለንም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። አንድ ሥራ ኃጢአት ከሆነ የግድ ወንጀልም ይሆናልን? ወኅኒ ቤትና የማስታወቂያ ሰሌዳስ የቤተ ክርስቲያን መሣሪያዎች ናቸውን?

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ የደከሙት የእንግሊዝ አገር ክርስቲያኖች ናቸውና የእነርሱን ታሪክ እንመልከት። (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ቀድሞ በእንግሊዝ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያዩት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበሩ። በ1533 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ጉዳዩን ከካህናቱ እጅ ወስዶ በመንግሥት ሕግ አስገባው፤ ቅጣቱንም ሞት አደረገው። በዚህ ወንጀል ለመጨረሻ ጊዜ ሁለት ሰዎች የተሰቀሉት በ1835 ነው። የሞቱ ቅጣት በ1861 ቢቀርም በ1885 ሌላ ሕግ ወጣና በወንዶች መካከል የሚደረገውን ማናቸውንም ዓይነት ነውር በሁለት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ አደረገው። ታላቁ ደራሲ ኦስካር ዋይልድ በ1895 ሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋራ የተፈረደበት በዚሁ ሕግ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኖችን ምስጢራዊ ጽሕፈት በመፍታት አገሩን ያገለገለው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግም በ1952 በዚሁ ሕግ ተፈርዶበት፣ እስራቱን ለማምለጥ ሲል ስሜቱን የሚያዳክም መድኃኒት ለመወጋት ተስማማ። በ1954 በሳያናይድ መርዝ ሞቶ ተገኘ። ንግሥቲቱ ምሕረት ያደረጉለት በ2013፣ ከሞተ ከ59 ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ሕግ ይመርመር ብለው በመጀመሪያ ከተነሡት መካከል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። እኛን እጅግ ያስገረመን ይህ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ የሥነ ምግባር ጉባኤ በ1954 ስለ ነገሩ ጥናት አወጣ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት የሬዲንግ ዩኒቨርስቲ መሪ በነበሩት በጆን ዎልፈንደን ሰብሳቢነት አንድ ኮሚቴ አቋቋመ። በኮሚቴው ውስጥ ዳኞችና ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ ካህናትም ነበሩበት። የካቶሊኮቹ ካርዲናል ግሪፊን ያቋቋሙት የአማካሪዎች ጉባኤም ሐሳቡን አቀረበ፤ ሥራው ኃጢአት መሆኑን ሳይክድ፣ በጎልማሶች መካከል በስውር የሚደረገውን መቅጣት የመንግሥት ፈንታ አይደለም አለ። ኮሚቴው መስከረም 4 ቀን 1957 መግለጫውን ሲያወጣ እስከ መጨረሻው ከዘለቁት 13 አባሎች 12ቱ በዚሁ ተስማሙ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጄፍሪ ፊሸርም ደገፉት። ፊሸር በሥነ ምግባር ነገር ላላ ያሉ ሰው አልነበሩም።

ነገሩ ሕግ እስኪሆን ግን ዐሥር ዓመት ፈጀ። በ1965 ክርክሩ በሎርዶች ምክር ቤት ሲነሣ ፊሸርን የተኩት ሊቀ ጳጳስ ማይክል ራምሴ ቆመው፣ ሥራው ስሕተት መሆኑን እንደሚያምኑ፣ ነገር ግን ኃጢአት ሁሉ ወንጀል ሊሆን እንደማይገባው ተናገሩ። የኤል አላሜይኑ ጀግና ማርሻል ሞንትጎመሪ በበኩላቸው፣ ሕጉ መላላቱ ካልቀረ የሚፈቀድበት ዕድሜ 80 ዓመት ይሁን ብለው ሐሳብ አቀረቡ። (ማርሻሉ ያን ጊዜ 77 ዓመታቸው ነበር።) በሐምሌ 1967 ሕጉ ጸደቀ፤ 21 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በስውር የሚያደርጉት በእንግሊዝና በዌልስ ወንጀል መሆኑ ቀረ።

ከእነዚህ ሰዎች ክርክር ሁለት ነገር ልብ እንላለን። አንደኛው፣ ያ ሕግ የጠቀመው ሥነ ምግባርን ሳይሆን ቀማኞችን ነበር። የሰውን ምስጢር ያወቀ ሁሉ «ለፖሊስ እናገራለሁ» እያለ ገንዘብ ይበላ ነበርና ነው። ሁለተኛው፣ ትዳር የሚያፈርሰውና ልጆችን የሚበትነው ዝሙት በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል አልነበረም። አንዱን ኃጢአት ለካህን ትቶ ሌላውን ለወኅኒ ቤት መስጠት በምን ሚዛን ነው?

በዚህ ላይ የራሳችንን እንጨምር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ንስሐ አባት አለው። ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ይናገራል፤ ካህኑም ቀኖና ይሰጠዋል፤ የሰማውን ለማንም አይገልጥም። ይህ ሥርዓት የቆመው በአመኔታ ላይ ነው። በስሙ ወረቀት የሚለጠፍበት፣ ፖሊስ የሚጠራበት ሰው ከንስሐ አባቱ ዘንድ ሊሄድ ይችላልን? ያ ወረቀት ልጁን ከኃጢአት መለሰው የሚል ካለ ይንገረን። እኛ ያየነው ልጁን ከትምህርቱ ሲያባርረው፣ ቤተ ክርስቲያን ይስም ከነበረም ከዚያው ሲያስቀረው ነው።

ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ። የዎልፈንደን ኮሚቴ መግለጫውን ባወጣበት በዚያው በ1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት የስዊስ አገሩ ሊቅ ዣን ግራቨን ናቸው። በአገራቸው በስዊስ ከ1942 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጎልማሶች መካከል የሚደረገው የማያስቀጣ ሆኖ ሳለ፣ በእኛው ሕግ ግን በቁጥር 600 ወንጀል ሆኖ ገባ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 አጸናው። የእንግሊዝ ቅኝ የነበሩት ጎረቤቶቻችን ሕጉን ያመጡብን ገዥዎቻችን ናቸው ሊሉ ይችላሉ፤ እኛ ግን እንዲህ የምንልበት ምክንያት የለንም። በዚያው በእኛ ሕግ ዝሙት የሚያስቀጣው የተበደለው ባል ወይም ሚስት ሲከስስ ብቻ ነው። እንግዲህ የሰው ጓዳ ዝም ብሎ የማይገባበት መሆኑን ሕጋችን ራሱ ያውቃል ማለት ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ በ2001 ዓ.ም. የሃይማኖት መሪዎች ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት ይግባ ብለው ጠየቁ። የወንጀል ሕጉ ምን ጐደለው?

«ይህ ከምዕራብ የመጣብን በሽታ ነው» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ከምዕራብ የሚመጣ ግፊት መኖሩን አንክድም። በ2023 የዓለም ባንክ ለኡጋንዳ አዲስ ብድር መስጠት ማቆሙን ያስታወቀው በዚሁ ጉዳይ ባወጣችው ሕግ ምክንያት ነው። የድሀን ብድር በመከልከል ኅሊና ይማራል ብለን አናምንም። ነገሩ ራሱ የትናንት መጤ ቢሆን ኖሮ ግን የሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት ስለ እርሱ ሲናገር በቤተ ክርስቲያናችን ይህን ያህል ዘመን ባልተነበበ ነበር። ለዚያውም የኡጋንዳው ሕግ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የዚያች አገር የአንግሊካን መሪዎች በደስታ ሲቀበሉት፣ ያን ጊዜ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ጀስቲን ዌልቢ ማዘናቸውን በይፋ ገለጡ። በዚያው ዓመት በጥር ወር የሮማው ፓፓ ፍራንሲስ ሥራውን ኃጢአት ማለታቸውን ሳይተዉ ወንጀል ግን አይደለም ብለው ነበር። ስለዚህ የምንናገረው ነገር የከሓድያን ፈጠራ አይደለም።

ስሙም ሌላ ነገር ያስታውሰናል። እኛ በአማርኛ ግብረ ሰዶም ስንል ፍርዱን ከስሙ ጋራ አብረን እንጠራለን። ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን በ16ኛው ምዕራፍ የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትንና ጥጋብን ያነሣል፤ ድሀውን አለመርዳትዋንም ይከስሳል፤ ርኵሰቷንም የሚጠቅሰው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ መጠን ከሆነ ከመመገቢያ አዳራሻችን በር ላይ የሚለምኑትን ሕፃናት እየገፋን የምናልፈው እኛ ከየትኛው ከተማ ነን?

በወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው ቁጥር ከ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ነበር። የጠቀሰው ሰው ሙሉውን ቢያነብበው ኖሮ በዚያው ዝርዝር ሌቦችን፣ ሰካራሞችንና ተሳዳቢዎችን ባገኘ ነበር። ፈተና የሚሰርቁትን እናውቃቸዋለን። የአንደኛ ዓመት ልጃገረድ አስረግዞ የካደም ከመካከላችን አለ፤ የማን እንደሆነ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል፤ እርሱም ከእኛ ጋራ ይበላል፣ ይስቃል፣ በበዓል ቀን ነጠላውን አጣፍቶ ከፊት ይቆማል። የእርሱ ስም በሰሌዳ ላይ አልወጣም፤ እንዲወጣም አንፈልግም። ልጅቱ ግን እርሷም ትምህርቷን አቋርጣ ወደ አገሯ ሄዳለች።

በሚመጣው ሐሙስ የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ አለ። እኛ በዚያ ቀን ሁለት ነገር እናቀርባለን፤ የጸሐፊው ስም የሌለበት፣ የሰውን ስም የሚያጠፋ ወረቀት በሰሌዳ ላይ የተገኘ እንደ ሆነ ያየው ተማሪ ወዲያው እንዲያነሣው ይወሰን፤ ማኅበሩም ለሄደው ጓደኛችን ተመለስ ብሎ ደብዳቤ ይጻፍለት። የሚቃወመን ካለ መጥቶ ይቃወመን። ስሙን ግን ይናገር።